የሃይሉክስ ስምና የሃይሉክስ ሞተር

ያገለገለ ናፍጣ ፒክአፕ ለማየት የሄደ ገዢ ቦታው ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ሞቆ ይጠብቀዋል። ደላላው «መጣን» ብሎ የደወለው ከግማሽ ሰዓት በፊት ነው፤ ሻጩም ያቺን ግማሽ ሰዓት አላባከናትም። ኮፈኑ ሲከፈት ሞተሩ ታጥቦ ያብረቀርቃል፤ ቁልፉ እንደ ዞረ ይነሳል፤ ከማርሚታው ጭስ አይታይም። «ቶዮታ ነው እኮ፤ ሞተሩ ተከፍቶ አያውቅም» ይባላል። ገዢው ቀለሙን ይዳስሳል፣ ጎማውን ይረግጣል፣ ጎንበስ ብሎ ባሌስትራውን ያያል፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ያነባል፣ ሊብሬውን ያገላብጣል፤ ከዚያ ወሬው ወደ ዋጋ ይዞራል። ሚሊዮኖች ብር የሚያወጣ ንብረት፣ ሞተሩ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም ሳያይ፣ ባለቤት ይቀይራል።

እንዲህ ዓይነቱ ግዢ ጥሩ ስም ያለው መኪና ሁሉ ጥሩ ሞተር አለው በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። ግምቱ ብዙ ሰው የሚያሳስተው ግማሽ እውነት ስላለው ነው። በእኔ እምነት ያገለገለ ናፍጣ ሞተርን አስተማማኝ የሚያደርገው ከኋላ የተጻፈው ስም አይደለም፤ የሞዴሉ ዓመትና የቆጣሪው ቁጥርም ብቻቸውን ብዙ አይናገሩም። ዋናው ነገር ዘይት፣ ናፍጣና ውሃ በዚያ ሞተር ውስጥ እስከ ዛሬ እንዴት ሲመላለሱ እንደኖሩ ነው። ሦስቱም ደግሞ ባለፉበት ዱካ ይተዋሉ፤ ዱካውንም ለማንበብ የሚያስፈልገው ጥቂት ሰዓትና ሚዛናዊ መካኒክ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚያድግ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። የነዳጅ መኪና ገበያ በዚህ አቅጣጫ ሲጠብ አገር ውስጥ ያለው ናፍጣ ፒክአፕ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ረጅም ዘመን መኖሩ አይቀርም። ከመሥሪያ ቤት ወይም ከእርዳታ ድርጅት በጨረታ የወጣው መኪና ወደ ሥራ ተቋራጩ፣ ከእሱ ወደ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ደግሞ እህልና ማዳበሪያ ወደሚጭንበት ገበሬ ይሄዳል። አራተኛው ባለቤት የቀደሙትን ሁሉ ጥንቃቄና ቸልተኝነት አብሮ ይገዛል።

የቶዮታ ሃይሉክስ ስም በከንቱ አልተገነባም። በ1987 እ.ኤ.አ. የቻድ ወታደሮች በቶዮታ መኪኖች ላይ መሣሪያ ጠምደው የሊቢያን ታንኮች በበረሃ ሲያሳድዱ ውጊያው «የቶዮታ ጦርነት» የሚል ስም አተረፈ። በ2003 እ.ኤ.አ. ቶፕ ጊር የተባለው የቢቢሲ ፕሮግራም አንድ የ1988 ሞዴል ናፍጣ ሃይሉክስ ወስዶ ለባሕር ማዕበል አጋለጠው፣ እሳት ለኮሰበት፣ በመጨረሻም በፈንጂ በሚፈርስ ረጅም ሕንፃ ጣሪያ ላይ አስቀምጦ ከፍርስራሹ ጋር አወረደው። መኪናው በተራ መፍቻ ተነካክቶ ያለ አንድ መለዋወጫ ተነሳ። ይህን ያየ ዓለም ሃይሉክስ አይሞትም ብሎ ደመደመ። ነገር ግን ያን ዝና ያተረፈው ሞተር የትኛው ነበር? የዚያ ዘመን ናፍጣ ሃይሉክስ የሚሠራው «ኤል» በሚባለው የሞተር ቤተሰብ ነው፤ 2ኤል፣ 3ኤል፣ በኋላም 5ኤል። 5ኤል 2,986 ሲሲ ይዞ ያለ ቱርቦ ይሠራል፤ ኃይሉ ከ100 የፈረስ ጉልበት እምብዛም አይዘልም። ናፍጣውን የሚገፋው ሜካኒካል ፖምፓ ሲሆን ኖዝሉ የሚከፈተው በ150 ባር ገደማ ግፊት ነው። ቃጠሎው የሚጀምረው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ሳይሆን ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ጎድጓዳ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ለስለስ ይላል። ዳገት ላይ የሚያዘግም፣ ናፍጣ የሚበላ፣ ግን ታጋሽ ሞተር ነው።

በ2004 እና በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ ዓለም ገበያ የወጣው፣ በብዙዎች ዘንድ «ቪጎ» የሚባለው ሃይሉክስ ግን ሌላ ልብ ይዞ መጣ፤ 2.5 ሊትሩን 2ኬዲና 3 ሊትሩን 1ኬዲ። ስሙ ያው ነው፣ መሥራቹም ያው ነው፤ ሞተሩ ግን ከቀድሞው ጋር የሚጋራው ነገር ጥቂት ነው። ለአፍሪካ ገበያ 5ኤል የተገጠመላቸው ቪጎዎችም ስላሉ የአካሉን ቅርጽ አይቶ ሞተሩን መገመት አይቻልም፤ ኮፈኑን ከፍቶ የሞተሩን መለያ ማንበብ ግድ ነው። «ዲፎርዲ» በሚባሉት በአዲሶቹ ሞተሮች ናፍጣው በአንድ የጋራ ቧንቧ (ኮመን ሬል) ውስጥ ከ1,300 ባር በላይ በሚደርስ ግፊት ታምቆ ይጠብቃል፤ ኮምፒውተሩ ባዘዘ ቅጽበት እያንዳንዱ ኢንጀክተር ተከፍቶ በቀጥታ ፒስተኑ አናት ላይ ይረጨዋል። በኢንጀክተሩ ውስጥ በሚንቀሳቀሱት ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። ጉልበቱ፣ ጸጥታውና የናፍጣ ቁጠባው የመጡት ከዚህ ጥበት ነው። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። በጀሪካን ተቀድቶ ውሃ የገባበት ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ የድሮውን ፖምፓ ያስነጥሰዋል፤ አዲሱን ይፍቀዋል። የከፍተኛ ግፊቱ ፖምፓና ኢንጀክተሮቹ የሚለሰልሱት በናፍጣው በራሱ ስለሆነ ናፍጣው ሲቀጥን ብረት ከብረት ይጋጫል።

ከሁሉ በላይ ግን መከራከሪያዬን የሚያስረዳው የ1ኬዲ ሮንዴላ ነው። እያንዳንዱ ኢንጀክተር ቴስታታው ውስጥ ሲቀመጥ ከሥሩ የመዳብ ሮንዴላ አለ፤ ሥራዋ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ላይ እንዳያመልጥ መዝጋት ነው። በዚህ ሞተር ላይ ሮንዴላዋ ከጊዜ በኋላ የመልቀቅ ታሪክ አላት። ስትለቅ ጋዙ የሚያመልጠው ወደ ውጭ አይደለም፤ ከላይኛው የሞተር ክዳን ሥር ዘይት ወዳለበት ነው። ስለዚህ ከውጭ የሚፈስ ነገር አይታይም። ትኩሱ ጋዝና ጥቀርሻው ዘይቱን ያበስሉታል፤ ዘይቱ ይወፍራል፣ ክዳኑ ላይ እንደ ቅጥራን ይጋገራል፣ የደረቀው ጥቀርሻ እየተፈረፈረ ወደ ታች ይወርዳል። ከታች የዘይት ገንዳው ውስጥ ፖምፓው ዘይት የሚስብበት ወንፊት አለ። ፍርፋሪው እዚያ ይጠራቀማል፤ ወንፊቱ ቀስ በቀስ ይደፈናል፤ የዘይቱ ግፊት ይወርዳል። በዘይት ላይ ተንሳፎ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከረው ቱርቦ ጉዳቱ ቀድሞ ይሰማዋል፤ ቀጥሎ የቢኤላው ብሮንዚን ይበላል። የዘይቱ መብራት ዳሽቦርድ ላይ ሲበራ ብዙ ጊዜ ነገሩ አልፏል። ባለቤቱ ጋራዥ ሲገባ «ሞተሩ መውረድ አለበት» ይባላል፤ እሱም ወጥቶ «ዲፎርዲ አይረባም» ብሎ ያወራል። የሞተሩን ሞት የጀመረችው ግን አራት ሆና እንኳ ከአንድ ሙሉ የዘይት ቅያሪ የማትበልጥ ዋጋ ያላት ሮንዴላ ናት። ደግሞም ከወራት በፊት ተናግራለች፦ ጠዋት ሲነሳ የሚሰማ ጠንከር ያለ ምት፣ ለጥቂት ደቂቃ የሚቆይ ነጭ ጭስ፣ ዘይት መሙያው ሲከፈት የሚገፋ ጋዝ። የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ መጥቆሩ በራሱ ሕመም አይደለም፤ ሁሉም ይጠቁራል። ሕመሙ መወፈሩና መጋገሩ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ «እንግዲያውስ አሮጌውን መግዛት ነዋ፤ ኮምፒውተር የሌለው ይሻላል» የሚል። ይህ አስተያየት ከንቱ አይደለም። ከዋና ከተማ ርቆ፣ የኢንጀክተር መፈተሻ ማሽንም ሆነ ስካነር በሌለበት ወረዳ ለሚሠራ ሰው በመፍቻ የሚስተካከል ሞተር ትልቅ ዋጋ አለው፤ ቢበላሽም ጎትቶ ቤት ያደርሰዋል። ነገር ግን ለመጠገን መቅለልና ጤነኛ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቸልተኝነትን የሚታገሥ ሞተር ቸል ሲባል የኖረ ሞተር ነው። ኮመን ሬሉ የናፍጣ ችግሩን ደብቆ መቆየት ስለማይችል ባለቤቱን ጋራዥ ያስገባዋል፤ 5ኤል ግን ፋሻው አልቆ፣ ኮምፕሬሽኑ ወርዶ፣ ኖዝሉ እያንጠባጠበ ይሄዳል። ሻጩ እንዲህ ያለውን መኪና «ይሄው እየሠራ ነው» ብሎ ሲሸጥ አልዋሸም። ጥያቄው ከሞተሩ ዕድሜ ምን ያህል ቀረ የሚለው ነው። በዚያ ላይ የኤል ቤተሰብም የራሱ ድክመት አለው፤ ቱርቦ የተጨመረበት 2ኤል-ቲ ቴስታታው በመሰንጠቅ ይታወቃል። ስለዚህ በዕድሜ መሸሽ ከምርመራ አያድንም፤ የሚመረመረውን ክፍል ብቻ ይለውጠዋል።

ቴስታታ ከተነሳ ስለ ውሃ ማውራት ይገባል፤ ምክንያቱም በደጋ አገር የሚነዳ ናፍጣ ሞተር ከዘይት ቀጥሎ የሚሞተው በውሃ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል ስለሚቀንስ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተሩ ውሃ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊት አምቆ ስለሚይዝ የመፍሊያውን መጠን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ወይም ክዳኑ ጠፍቶ በማይመጥን ሌላ ሲተካ ይህ መከላከያ ይጠፋል። በዚህ ላይ ባለቤቱ ዝገት የሚከላከለውንና መፍሊያውን የሚያሳድገውን የራዲያተር ፈሳሽ ትቶ የቧንቧ ውሃ ይጨምራል፤ ሲግል ደግሞ መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥለዋል። ለጥቂት ሳምንት የተሻለ ይመስላል። ከዚያ መኪናው ጭነት ይዞ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሃ ጽዮን መውጣት ሲጀምር፣ ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጠው ቀጥ ያለ ዳገት የተጠራቀመውን ጥፋት ሁሉ በአንድ ጊዜ ያስከፍላል። የብረቱ ብሎክና የአሉሚኒየሙ ቴስታታ በሙቀት እኩል ስለማያብጡ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፤ ካልሆነም ቴስታታው በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል። ከ1ኬዲ በፊት የነበረው 1ኬዜድ ሞተር በዚህ በኩል በጣም ይታወቃል። ብዙ ሰው ሞተሩን ይረግማል፤ ስንጥቁ ግን ከላላ የራዲያተር ክዳን ሊጀምር ይችላል።

ስለ ቺንጋ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ነገሩ ቀላልና ምሕረት የለሽ ነው። 5ኤል በ100,000 ኪሎ ሜትር፣ 1ኬዲና 2ኬዲ በ150,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ የታይሚንግ ቺንጋቸው መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሶ ከሆነ ይህ ስሌት ከንቱ ስለሚሆን ቺንጋው መቼ እንደ ተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ መቁጠር ነው። የሚትሱቢሺ ኤል200 የሚሠራበት 4ዲ56 ሁለት ቺንጋ አለው፤ ንዝረት ለሚቀንሱት ዘንጎች የተሠራችው ትንሿ ስትበጠስ ትልቁን ይዛ ልትሄድ ትችላለች። የኒሳን ናቫራ ዋይዲ25 ሰንሰለት አለው፣ ሰንሰለት ደግሞ አይቀየርም ተብሎ ይታመናል፤ ሆኖም በዲ40 ናቫራ የመጀመሪያ ዓመታት ሰንሰለቱ የመርዘምና የመበጠስ ችግር አሳይቷል። የአይሱዙ ዲ-ማክስ 4ጄጄ1 በጥንካሬው የተመሰገነ ነው፤ ምስጋናው ይገባዋል። እሱም ቢሆን ናፍጣው ቆሻሻ ከሆነ የፖምፓው መቆጣጠሪያ ቫልቭና ኢንጀክተሮቹ ይታመማሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ችግሩ ሁሉ የባለቤት ቸልተኝነት ነው ማለት አምራቹን ነፃ ማውጣት አይሆንም? ይሆናል፤ እኔም እንዲህ አልልም። ሮንዴላዋ በአግባቡ የተያዘ መኪና ላይም ለቃለች። በአንዳንድ ዓመታት የተሠሩ 1ኬዲ ሞተሮች ፒስተናቸው አናቱ ላይ ይሰነጠቃል። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጡት የቶዮታ ጂዲ ሞተሮች ደግሞ የጥቀርሻ ማጣሪያ በተገጠመላቸው አገሮች አምራቹን ፍርድ ቤት አቁመዋል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከጥቅምት 2015 እስከ ሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. የተሸጡ ከ260,000 በላይ ሃይሉክስ፣ ፕራዶና ፎርቹነር መኪኖች የማጣሪያ ጉድለት እንደ ነበረባቸው ወስኗል። ይህ ማስረጃ ግን መከራከሪያዬን ያጠነክረዋል። አምራቹ ተሳስቶ ከሆነ ስሙ ዋስትና አይደለም ማለት ነው። ደግሞም የአምራቹ ስሕተት እንደ ዕጣ የሚወድቅ አይደለም፤ በየሞተሩ የታወቀ ቦታ አለው። የታወቀ ድክመት ያለውን ሞተር፣ ያ ድክመት ታይቶና ተስተካክሎ ከሆነ፣ ድክመቱ ካልታወቀለት ሞተር ይልቅ በሙሉ ልብ እገዛዋለሁ።

«የእኛ አገር መኪና መዝገብ የለውም፤ ማን ደረሰኝ ያስቀምጣል?» የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። ወረቀቱ ከሌለ ብረቱ አለ። መጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቅዞ መታየት አለበት፤ ሌሊቱን ያደረ ሞተር ጠዋት ሲነሳ የሚያሳየውን የሞቀ ሞተር ይደብቀዋል። እጅን ኮፈኑ ውስጥ አስገብቶ ብሎኩን መዳሰስ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት እንደሆነ ይናገራል። ነጭ ጭስ ያልነደደ ናፍጣ ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ ውሃ፣ ሰማያዊው የሚነድ ዘይት፣ ጥቁሩ የአየር ማነስ ወይም የናፍጣ መብዛት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በደጋ ዳገት ላይ ጥቂት ጥቁር ቢያጨስ አያስደነግጥም፤ ቱርቦ ያለው ካጨሰ ግን መጠየቅ አለበት። የራዲያተሩ ውሃ ላይ ዘይት፣ የዘይቱ መለኪያ ላይ ወተት የመሰለ አረፋ መፈለግ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚህ ያለፈው ጋራዥ ይጠይቃል፦ የአራቱን ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን መለካትና ማነጻጸር፣ ከእያንዳንዱ ኢንጀክተር የሚመለሰውን ናፍጣ በጠርሙስ ተቀብሎ ማወዳደር፣ በስካነር ኮምፒውተሩ ለየኢንጀክተሩ የሚሰጠውን ማካካሻ ማንበብ። ኬዲ ሞተር ከሆነ ደግሞ የታችኛው የዘይት ገንዳ ተፈትቶ ወንፊቱ በዓይን መታየት አለበት። ንጹሕ ወንፊት ከማንኛውም የደላላ ቃል ይበልጣል። ኢንጀክተሮቹ ተቀይረዋል ከተባለ የት ተገዝተው፣ ኮዳቸውስ በኮምፒውተሩ ተመዝግቦ እንደሆነ መጠየቅ ነው፤ ከሱማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ተገዝቶ ሳይፈተሽ የተገጠመ አሮጌ ኢንጀክተር ናፍጣውን በትክክል ካልረጨ ፒስተን ያቀልጣል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ገዢው ብቻ አይደለም። ሁለት ሻጮችን እናስብ። አንደኛው ሮንዴላዎቹን በወቅቱ ያስቀየረ፣ የናፍጣ ፊልትሮውን ውሃ ያስወጣ፣ ከዳገት በኋላ ቱርቦው እስኪበርድ ሞተሩን ወዲያው ያላጠፋ፣ የራዲያተሩን ፈሳሽ የጠበቀ ነው። ሁለተኛው ለሽያጭ ሲያቀርበው ሞተሩን በውሃ ያሳጠበ ነው። ገበያው ለሁለቱም የሚከፍለው እኩል ነው፤ እንዲያውም ሁለተኛው መኪና ይበልጥ ስለሚያብረቀርቅ የተሻለ ያወጣ ይሆናል። ለስምና ለሞዴል ብቻ የሚከፍል ገበያ ጥንቃቄን ኪሳራ ያደርገዋል፤ ሰው ለማይከፈልበት ነገር ገንዘቡን አያፈስም፤ ሞተሩም በመጨረሻው ገዢ እጅ ይሞታል። ምርመራ የሚጠይቅ ገዢ ሲበዛ ግን ደረሰኙን ፋይል ውስጥ ያስቀመጠ ባለቤት ከፍ ያለ ዋጋ መጠየቅ ይችላል፤ መብቱም ይሆናል።

«ሻጩ አይፈቅድም፤ ሌላ ገዢ ቆሞ ይጠብቃል» የሚለው የመጨረሻው መከራከሪያ በተግባር ከሁሉ የሚያሸንፈው ነው፤ ገዢውም ችኮላ ስለሚይዘው እጅ ይሰጣል። ነገር ግን የምርመራው ወጪ ሞተር ለማውረድ ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም፤ ወጪውንም ገዢው ሊሸፍን ይችላል። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ማስነሳት ደግሞ ለሻጩ ምንም አያስወጣውም። ያንን የከለከለ ሻጭ ራሱ አንድ መረጃ ሰጥቷል፤ ገዢው አሁንም መኪናውን ከፈለገው ሞተሩ ወርዶ የሚሠራበትን ወጪ፣ ቱርቦውንና አራቱን ኢንጀክተሮች ጨምሮ፣ ከተጠየቀው ዋጋ ላይ ቀንሶ የቀረውን ያቅርብ።